ጠዋት ብቻ ያየሁት ባሕር

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ባሕር ዳር ያለ አንድ ድርጅት ለቅጥር ፈታኝ አድርጎ ጠራኝ። የሚፈልጉት በትርፍ ጊዜው የሚሠራ «ኢንተርፕራይዝ አርክቴክት» ነው። ቤት የሚነድፍ እንዳይመስላችሁ፤ የድርጅቱ ሥራ ከየት ተነሥቶ በማን በኩል እንደሚያልፍ፣ ኮምፒዩተሩስ የቱን እንደሚሸከም በሥዕል የሚያሳይ ባለሙያ ነው። አመልካቹ ጎበዝ ልጅ ነው። «ግማሽ ቀን ይበቃኛል፤ ጠዋት ጠዋት እመጣለሁ» ሲል ግን ብዕሬን አስቀመጥሁ።

እኔም በሃያ ስድስት ዓመቴ ይህንኑ ብያለሁ። ባሕር ዳር ኮሌጅ ከሰዓት በኋላ አስተምር ስለነበር፣ ወደ ዘጌ ሰው የሚያመላልስ የጀልባ ድርጅት ለጠዋት ብቻ ቀጠረኝ። ባለቤቷ ወይዘሮ የሺ «አንቺ ልጅ፣ ይህን ዝርክርክ ሥራ መልክ አስይዥልኝ» አሉኝ።

ደስ ሲል! ጠዋት ጣና እንደ ተኛ ሕፃን ነው። ወደቡ አጠገብ የተጠበሰ ቆሮሶ በሎሚ በልቼ፣ ጣቴ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ ሣጥንና ቀስት እሥላለሁ። ትኬት ቆራጭ፣ ሣጥን። ነጂ፣ ሣጥን። ሁሉንም እየዞርሁ ስጠይቅ ጋሽ ሰይድ ዘንድ ደረስሁ፤ የጀልባ ሠሪ ልጅ ናቸው፣ ሁልጊዜ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ይቀመጣሉ።

«የእርስዎ ሥራ ምንድን ነው?»

«ጠዋት እነዳለሁ፤ ከሰዓት ባሕር አያለሁ።»

«ማየትማ ማንን ያቅተዋል!» ብዬ ሳቅሁ። እሳቸውም ፈገግ ብለው ወደ ባሕሩ ዞሩ። ባሕር ማየት ሣጥን አይሠራለትም ብዬ ተውሁት። ያን ጊዜ አዋቂ ነኝ ባይ ነበርሁ፣ ምን ይደረግ።

ከሰዓት በኋላ ጀልባ የሚነሣው አንዳንድ ቀን ብቻ መሆኑን ስሰማ ስንፍና መሰለኝ። በዕቅዴ በየቀኑ የዘጠኝ ሰዓት ጉዞ ጨመርሁ፤ ሰዓቱ ሲሞላ ጀልባው ይነሣል፣ የማንንም እሺታ አይጠብቅም። መጀመሪያ የሚሞከርበት ቀን፣ መጋቢት ላይ፣ ከኮሌጅ ፈቃድ ጠይቄ መጣሁ። ባሕሩን ሳየው አላወቅሁትም። ጠቁሯል፤ ነፋሱ ነጭ አረፋ እያስነሣ ወደ ዳር ይገፋዋል።

«ዛሬስ ይቅር» አሉ ጋሽ ሰይድ።

«ወረቀቱ ዘጠኝ ይላል» አሉ ወይዘሮ የሺ፤ ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ይቅር ለማለት አፈርሁ። «ይነሣ» አልሁ።

ጋሽ ሰይድ ከባልዲው ተነሡ። «እንግዲያ የምነዳው እኔ ነኝ።» እኔም ከኀፍረት ብዛት ተከትያቸው ገባሁ።

ከወደቡ ጥቂት እንደራቅን ጀልባዋ መዝለል ጀመረች። አጠገቤ የዘጌ ሴት ሕፃኗን ደረቷ ላይ በነጠላ አሥራለች። «እህቴ፣ ዋና ትችያለሽ?» አለችኝ።

«አልችልም።»

«እኔም አልችልም» አለችና የልጇን ራስ በእጇ ሸፈነች።

እንዲህ ያለ ፍርሃት መኖሩን አላውቅም ነበር። ውሃው በላያችን ሲደፋ የጀመርሁት ጸሎት መሃሉ ጠፋብኝ። ሰው ሁሉ «እመቤቴ ድረሽልን!» ይላል፤ «መልሱን!» እያለ የሚጮህም አለ። ያቺ ሴት ብትሞት፣ ያ ሕፃን ቢሞት፣ የገደልኋቸው እኔ ነኝ። «ከዞርን ይገለብጠናል፤ ቁጭ በሉ!» አሉ ጋሽ ሰይድ፤ የጀልባዋን አፍንጫ ወደ ማዕበሉ ይዘው፣ ቀስ በቀስ ወደ አንድ ጥግ ወስደው ዳር ላይ የበቀለው ደንገል ውስጥ ሰኳት።

ሕፃኑ አለቀሰ። እኔም አብሬው አለቀስሁ።

ጋሽ ሰይድ ኮታቸውን ጨምቀው አጠገቤ ተቀመጡ። «እስኪ ያን ሥዕልሽን አሳይኝ፤ እኔ የቱ ጋ ነኝ?»

የራሰውን ወረቀት ዘርግቼ «ነጂ» የሚለውን ሣጥን ነካሁላቸው።

«ይሄ የጠዋቱ ነው፣ ልጄ። የከሰዓቱስ?»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። በማግሥቱ የሣልሁት ሥዕል ከሁሉም በላይ አንድ ሣጥን ነበረው፦ ባሕር የሚያይ። እሳቸው እሺ ሳይሉ ጀልባ አይነሣም።

አመልካቹን ልጅ ፈተናውን አሳለፍሁት፤ ይገባዋልም። ሲወጣ ግን ጠራሁት። «ነገ ዘጠኝ ሰዓት ወደቡ ላይ እንገናኝ።»

«ምን ልንሠራ፣ መምህር?»

«ባሕር ልናይ።»

«ማየት ብቻ?» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።