የአቃቂው ኮማንደርና የሰጠመው ሞተር

አቃቂ ባህር የላትም፤ ኮማንደር ግን አላት። ጋሽ ተስፋሚካኤል ይባላሉ። ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ዝቅ ብላ ባለች ቆርቆሮ ቤታቸው የውሃ ፓምፕና የኤሌክትሪክ ምድጃ ይጠግናሉ። በወጣትነታቸው ምጽዋ፣ ባህር ኃይል ውስጥ አገልግለዋል። ይህ እውነት ነው። ውሸቱ «የመርከብ ሞተር መካኒክ ነበርኩ» የሚሉት ነው። ያገለገሉት ወጥ ቤት ውስጥ ነበር፤ ሽንኩርት ሲከትፉ ከርመው፣ መርከብ ላይ የወጡት ምሳ ለማድረስ ብቻ ነው። ይህን የሚያውቁት ባለቤታቸው ወይዘሮ ወርቅውሃ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ለትዳራቸው ሰላም ሲሉ አፋቸውን ይዘዋል።

ውሸቱ ለዓመታት ማንንም አልጎዳም። የአቃቂ ወንዝ እንደሆነ ቆሻሻ እንጂ ጀልባ አያንሳፍፍም፤ ኮማንደርን የሚፈትን ነገር ከየት ይመጣል? እድር ላይ የተሻለው ወንበር ይለቀቅላቸዋል። መንገድ ላይ ጎረምሳው ሁሉ «ኮማንደር!» እያለ ሰላምታ ይሰጣቸዋል፤ እሳቸውም አገጫቸውን ቀና አድርገው ይቀበላሉ። ያለዚህ ስም ማን እንደነበሩ ራሳቸውም ረስተውታል።

ታዲያ ሞሚና መጣች። ሞሚና ገላን ኮንዶሚኒየም የምትኖር ነጋዴ ናት፤ ቢሾፍቱ ሐይቅ ላይ ሙሽሮችን የምታዞርበት ጀልባ አላት። አንድ ቀን አንዱ ሙሽራ ቆሜ ፎቶ ካልተነሳሁ ብሎ ሲንጠራራ ጀልባዋን ገለበጣት። ሙሽሮቹ ተጎትተው ወጡ፤ ሞተሩም ሆዱ ውሃ እንደሞላ ወጣ። ለሜሳ የሚባል የአቃቂ ደላላ «እኛ ሰፈር የባህር ኃይል መካኒክ አለ!» ብሎ ፒካፕ ላይ አስጭኖ በዚያው ቀን አቃቂ አደረሰው።

ጋሽ ተስፋሚካኤል ሞተሩን ዞር ዞር ብለው ቢያዩትም ከየት እንደሚጀመር አላወቁም። ሰፈሩ ግን ከብቧቸዋል፤ ሁሉም የኮማንደርን ሙያ ለማየት አንገቱን አስግጓል። ወይዘሮ ወርቅውሃ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብለው «አላውቅም በልና ተገላገል» አሏቸው። ቀላል ነበር። ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንዴት ተብሎ?

ሞሚናም የምትናገረው ነበራት። የሞተሩ ሻጭ በስልክ «ዛሬውኑ እሳት የሚለኩሰውን ካንዴላ ፍቺና ውሃውን አፍስሺ፤ ዘይት ጨምሪበትና አዟዙሪው፤ እንዲሁ ከደረቀ ይዝጋል» ብሏት ነበር። «ጋሼ፣ ሻጩ...» ብላ ስትጀምር ለሜሳ ገላመጣት። «ለኮማንደር ልታስተምሪ ነው?» አላት። ሞሚና አፈረች። በእሷ ዕድሜ እንዲህ ያለውን ሰው ማረም! ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች።

ስለዚህ ማወቅ የነበረባቸው አላወቁም፣ ያወቀችው አልተናገረችም፤ ሁለቱም ጨዋ ሰዎች ናቸው። ጋሽ ተስፋሚካኤል ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ከወጥ ቤት ዘመናቸው የቀረቻቸውን አንዲት እውቀት አወጡ፤ እርጥብ ነገር ይበላሻል፣ የደረቀ ነገር ይቆያል። «ፀሐይ ይፈልጋል! ጣሪያ ላይ ይውጣ!» ብለው አዘዙ። ሞተሩ እንደ ቋንጣ ቆርቆሮ ላይ ተሰጣ። ሰፈሩም በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ።

ከሳምንት በላይ ፀሐይ ሲመታው ቆይቶ ሲወርድ ከውጭ ያብረቀርቃል። ጋሽ ተስፋሚካኤል የማስነሻ ገመዱን ያዙና ሳቡ። ንቅንቅ የለም። እንደገና ሳቡ፤ እጃቸው ተላጠ። ካንዴላው ሲፈታ በቀዳዳው የሚታየው ዝገት ብቻ ነው። ፒስቶኑ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ደርቋል። አሁን ዘይት ቢያጠጡትና በትዕግሥት ቢያቆዩት ምናልባት ይላቀቅ ነበር። ግን ሰው እያየ ነው፤ ኮማንደር ደግሞ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። የሞተሩን ዘንግ በመፍቻ ያዙት፤ መፍቻው ላይ ረጅም የብረት ቱቦ አስገቡና ጎረምሶቹን «ተንጠልጠሉበት!» አሏቸው። ተንጠለጠሉ። ቱቦው ዞረ፤ ሞተሩ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ ብሎ ተሰበረ፤ ጎረምሶቹም ተያይዘው መሬት ላይ ተዘረሩ።

ሰዉ እስኪበተን ጋሽ ተስፋሚካኤል ቀና ብለው አላዩም። ከዚያ ሞሚናን አስቀመጧትና «ልጄ፣ እኔ መካኒክ አልነበርኩም። ወጥ ቤት ነበር የምሠራው» አሏት። 

ሞሚና አልተቆጣችም። «እኔንም ሻጩ ዘይት ጨምሪበት ብሎኝ ነበር፤ እርስዎን አፍሬ ነው ያልነገርኩዎት» አለችና እንባዋ መጣ። ይህ ከስድብ በላይ አመማቸው። የሴትዮዋን እንጀራ የቀበረው ለእሳቸው የተሰጠው ክብር ነበር፤ ክብሩ ደግሞ የእሳቸው አልነበረም።

በማግስቱ ወስነው ወጡ። ሻይ ቤቱ ደጃፍ ለሜሳና ሌሎቹ ተሰብስበው ነበር፤ ጋሽ ተስፋሚካኤል ሳይቀመጡ «ስሙኝ፣ ሞተሩን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ባህር ኃይል ውስጥ ሽንኩርት ከታፊ ነበርኩ፤ ስለ ሞተር የማውቀው የለም» አሉ።

 ለሜሳ ጭኑን መትቶ ሳቀ። «ሰማችሁ? ሞተሩ ከፋብሪካው ብልሹ ሆኖ ሳለ ጥፋቱን በራሳቸው ላይ ሲያደርጉት! ኮማንደር ማለት እንዲህ ነው! እሳቸው ያቃታቸውን ሞተር ማን ሊያስነሳው?» ሌሎቹም «ትሑት ሰው! ትሑት ሰው!» ተባባሉ። አንዱ ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀላቸው፤ ሌላው ሻይ አዘዘላቸው።

ጋሽ ተስፋሚካኤል እውነቴን ነው ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ያን ጊዜ ሞሚና በማዶ በኩል፣ አዲስ ሞተር የምትገዛበትን ብድር ልትለምን፣ አንገቷን ደፍታ ታክሲ ስትጠብቅ አዩዋት። አፋቸውን ግን መልሰው ዘጉ። ሻዩ መጣ፤ ስኳሩን አማሰሉ። «ኮማንደር» መባሉ ዛሬም ደስ ብሏቸው ነበር።