መግለጫ አራሚው

ሁልጊዜ ጠዋት ኮምፒውተሩን ከመክፈቱ በፊት ሁለት መዳፎቹን ጭኑ ላይ ጠረግ ጠረግ ያደርጋል። ደብረ ታቦር በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት የፎቶ ክምችት ያደራጃል፤ ከየፎቶው ጋር የተመዘገበውን ቦታ፣ ቀንና መግለጫ ያርማል። ሹራቡን በቀትርም አያወልቅም።

ለዩኒቨርሲቲያችን መጽሔት ፎቶ ልመርጥ፣ ስለ እሱም ልጽፍ ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥሁ። «ደስተኛ አርሶ አደሮች በአጨዳ ላይ» ከሚለው መግለጫ «ደስተኛ» የሚለውን አጠፋው።

«ማን ጠየቃቸው?» አለኝ።

አንድ ባለሥልጣን ችግኝ ሲተክሉ ከሚታዩበት ፎቶ ሥር ደግሞ «ችግኙ ቀድሞ የጸደቀ ነው» ብሎ ጨመረ። አለቃው እንዲህ ያለውን ባዩ ቁጥር ያጠፉታል፤ እሱም መልሶ ይጽፈዋል።

ከጉና የመጣ አንድ ፎቶ ላይ ግን እጁ ቆመ። አንድ ሽማግሌ በሁለት የሰቡ በሬዎች መካከል ቆመዋል፤ መግለጫው «ሞዴል አርሶ አደሩ ከገዛ በሬዎቻቸው ጋር» ይላል። ሽማግሌው ተሸልመውበታል፤ ፎቶውም ተለቅ ብሎ ከተማው መግቢያ ላይ ተሰቅሏል። ሳይነካው ሊያልፍ ሲል፣

«ይሄስ ልክ ነው?» አልሁት ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ዳለቻው በሬ የጎረቤት ነው። ፎቶ አንሺ ይመጣል ሲባል የተዋሱት።»

«ታዲያ አይታረምም?»

መዳፎቹን እንደገና ጭኑ ላይ ጠረገ።

«ስለ እኔ እጽፋለሁ አላልሽም? የበሬውን ነገር ጻፊው፣ ግድ የለም። አባቴ መሆናቸውን ግን ተይው።»