እሷን እንዳትነኪያት

ጓሮ በገባሁ ቁጥር እጄ ሳላዘው አንዲት ቅጠል ያሻል። ሽታዋ መጀመሪያ እርጥብ አፈር ነው፤ ቆይቶ ይመራል። ያኔ እናቴ ትመጣብኛለች፤ ንዴቴም አብሯት።

በጣልያን ጊዜ ነው። ባሕር ዳር ገና በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ የተሰበሰበች መንደር ነበረች፤ ቤታችንም ከሐይቁ ዳር ነበር። አንድ ቀን አስተርጓሚው እየዞረ፣ «ትንኝ ይራባበታልና ጓሮው ይመንጠር። ነገ አረም የተገኘበት ይቃጠላል!» አለ።

ድክ ድክ የሚለው ወንድሜ ያን ሰሞን ሆዱን ታሞ፣ የቀመሰው ሁሉ አይረጋለትም ነበር። እናቴ በማግሥቱ፣ አርብ ማለዳ፣ መድኃኒት ልታጠጣው አስባለች።

«ኪዳን አድርሼ እስክመለስ ጓሮውን አርሚ። እሷን ግን እንዳትነኪያት» ብላኝ ወጣች።

እሷ ማን ናት? እናቴ የመድኃኒት ስም አትጠራም፤ ስሙ ከተጠራ ኃይሉ ይሸሻል ባይ ናት። ብጠይቃትም መልሷ «ዝም በይ» ነው። ከጌሾው ሥር ዶሯችን እንቁላል ታቅፋለች። እንግዲህ እሷ ማለት ዶሮዋ ናት ብዬ ደመደምሁ። እንዳትደነግጥ እየተጠነቀቅሁ ዙሪያዋን ለቅሜ አረምሁ። ከኮባው ጥላ ያገኘሁትንም ሁሉ ነቅዬ ለጎረቤት ፍየሎች ወረወርሁ። ጓሮው እንደ አውድማ ለጥ አለ። ምርቃት እጠብቅ ነበር፤ አይገርምሽም?

እናቴ ነጠላዋን ሳታወልቅ ኮባው ሥር ቆመች።

«እሷስ?»

«ይቻትና! ላባዋን እንኳ አልነካኋት።»

«ዶሮዋን ማን አለሽ፣ አንቺ!»

«ስሟን ብትነግሪኝ ምን ነበር?»

«ስሟ ተጠርቶማ ምን ልትረባ!»

መሬት ላይ ቁጭ አለች። ውስጥ ወንድሜ ያቃስታል። እኔ በፍርሃትም በንዴትም አለቀስሁ።

የፍየሎቹ ባለቤት፣ የታንኳ ሠሪው ሚስት፣ ጩኸታችንን ሰምታ በአጥሩ ብቅ አለች። «ፍየሎቼ ምን በሉብሽ፣ እቴ?»

«ያቺን።»

«ታዲያ የሰጠሽኝ ከቤቴ ጀርባ አለች አይደል! ወላሂ፣ ስሟን እንዳልጠይቅ ብትከለክይኝ እስከ ዛሬ ‹ጎረቤቴ› እያልሁ ነው የማጠጣት።»

እናቴ በእንባዋ መሃል ሳቀች።

አርብ ጎሕ ሲቀድ ሴትዮዋ የመድኃኒቱ ኃይል እንዳይሸሽ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ ቅጠሉን በመቀነቷ ቋጥራ አመጣች፤ አንዲቷን ችግኝ ከነሥሯ ሰጥታን ተመለሰች። እሑድ ወንድሜ እንጀራ አለ። ተመስገን።

እናቴ ግን ስሟን ሳትነግረኝ አረፈች። ስንት ዘመን ለመንኋት! በመጨረሻ ሕመሟ ጊዜ እንኳ ብጠይቃት፣ እጄን ስባ አሸተተችና «ታውቂያታለሽ» አለችኝ። እስካሁን ያናድደኛል።

ትናንት ልጄ ጓሮውን ልታርም ወጣች። «እሷን እንዳት…» ብዬ ጀመርሁና ተውሁት። ተነሥቼ ተከተልኋት። እጇን ይዤ ቅጠሏ ላይ አኖርሁት።