የቀማሿ ምላስ

በአትክልት እርሻው ውስጥ ሁሉም «ቀማሿ» ይላታል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራዋ አንድ ነው። ዛፍ ላይ የሚጠመጠመውን የመርዝ ሐረግ ሥር በቢላዋ ትከትፋለች፣ ትዘፈዝፋለች፣ ትወቅጣለች፣ በጨርቅ ትጨምቃለች። የሚወጣው ፈሳሽ ወተት ይመስላል፤ የነካው የጎመን ትል አያድርም። ኃይሉ እንደ ሥሩ ዕድሜ ስለሚለያይ፣ ከመረጨቱ በፊት አንድ ጠብታ ምላሷ ጫፍ ላይ አድርጋ ትቆጥራለች። አሥር ላይ ምላሷ ከደነዘዘ ልክ ነው፤ ከዚያ ቀድሞ ከደነዘዘ ውኃ ይጨመርበታል። ከዚያ ተጉመጥምጣ ትተፋለች።

ሠራተኞቹ «አንቺን የሳመ ምሳውን አይበላም» ሲሏት፣ «እስቲ አንተ ቅደምና እንየው» ትላለች።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግን ምላሷ ምንም አይሰማውም። ለማንም አልተናገረችም፤ የማይቀምስ ቀማሽ ማን ሥራ ላይ ያቆያል? ጠብታውን እያስነካች፣ የምትቆጥር መስላ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ በዓይን ግምት «ልክ ነው» ትላለች።

አንድ ሰኞ ግምቷ ሳተ። የሚረጨው ታናሽ ወንድሟ ውኃ ሳይጨምርበት ጎመኑ ላይ ረጨው። ከጎመኑ የተረፈው እንደ ወትሮው በቦዩ ወርዶ ከታች ያለው የዓሣ ኩሬ ገባ። ረፋድ ላይ ኩሬው ሆዳቸውን ወደ ላይ በገለበጡ ዓሦች ነጭ ሆነ።

የኩሬው ጠባቂ የብረት ዘንግ ይዞ እሷና ወንድሟ ወዳሉበት የመውቀጫ ክፍል ገባ። አልጠየቀም። የመጀመሪያው ምት የወንድሟ ትከሻ ላይ አረፈ፤ በሁለተኛው ክርኑ ሲሰበር ቀጭ አለ።

«ውኃ ሳትጨምር ነው የረጨኸው!»

«እህቴ ቀምሳዋለች!» አለ ወንድሟ ተንበርክኮ። «የእሷ ምላስ አይሳሳትም፣ ጋሼ! የፈለግከውን ሰው ጠይቅ!»

«እሷ ካልተሳሳተች አንተ ነሃ!»

ብረቱ ለሦስተኛ ጊዜ ተነሳ፤ ወደ ጭንቅላቱ ነበር። ቀማሿ ዘነዘናውን አንስታ የሰውየውን የእጅ አንጓ መታችው። ብረቱ ወደቀ። በደህና እጁ አንገቷን አንቆ ከግድግዳው ጋር አላተማት።

«እኔ ነኝ» አለች ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ምላሴ ሞቷል። ዓመት ሆነው።»

«ወንድምሽን ለማዳን ነው የምትዋሺው።»

«ልቀቀኝና እይ።»

ለቀቃት። የሥር መክተፊያውን ቢላዋ ስታነሳ ወደ ኋላ አፈገፈገ። እሷ ምላሷን አውጥታ ስለቱን ጫፉ ላይ ሳበችው። ደሙ በአገጯ ወርዶ ሽርጧ ላይ ተንጠባጠበ። ዓይኗ እንኳ አልተርገበገበም።

ሰውየው ፊቱን አዞረ። ወንድሟ አላዞረም።

«ዓመት ሙሉ እንዲህ ሆነሽ ነው ይህን መርዝ ያሸከምሽኝ?» አለ።

አሁንም ትወቅጣለች፤ መቅመስ ግን ትታለች። የኩሬው ጠባቂ በኩሬው የቀሩት ዓሦች እንዲተርፉለት በየጠዋቱ አንድ ትንሽ ዓሣ በባልዲ ያመጣል። ጠብታው ባልዲው ውስጥ ይገባል፤ ዓሣው አሥር ሳይሞላ ከተገለበጠ ፈሳሹ ላይ ውኃ ይጨመራል። ጮክ ብሎ የሚቆጥረው ክንዱ ተጣሞ የዳነው ወንድሟ ነው። እሷ አጠገቡ ቆማ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። እሱ ዓይኑን ከባልዲው አያነሳም።