ነፋሱ ተለክቶ እስኪያልቅ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው፤ ሰው ፊት መናገርም ይከብደኛል። ነገር ግን ሰፈሩ የእናቴን ነገር እየሳቀ ሲያወራው ስሰማ፣ እንደሆነው አድርጌ ላስቀምጠው አልኩ።

ቤታችን ከሁምቦ ወደ ታች፣ አባያ ሐይቅ ዳር ነው። ከፊታችን ሰው የማይኖርባት ትንሽ ደሴት ትታያለች።

አንድ ጠዋት እናቴ ስትነሣ አፏ ወደ ጎን ዞሮ ነበር። ግራ እጇም አልጨብጥ አላት። ጎረቤቶች አይተው «ነፋስ መቷታል» አሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ግን የደም ግፊቷን ለክታ «ዛሬውኑ ሶዶ፣ ኦቶና ሆስፒታል ውሰጃት» አለችኝ። እናቴ እንቢ አለች። የነፋስ ምች በመርፌ ይብሳል ብላ ታምናለች።

በዚያው ሰሞን አንድ ኢንጂነርና ሠራተኞቹ ነፋስ ሊለኩ መጡ። ደሴቷ ላይ ረጅም የብረት ምሰሶ አቆሙ፤ ጫፉ ላይ ሲኒ የሚመስሉ ነገሮች ይሽከረከራሉ። ጀልባ እስኪደርስላቸው የሚያርፉት እኛ ደጅ ነበር።

ጎረቤታችን ዓሣ አስጋሪው ቀልደኛ ነው። «የምትለኩት በጣሳ ነው በኩንታል?» አላቸው። «የሚሸጥ ከሆነ ለእኔም ንገሩኝ። ዘንድሮ መረቤ ውስጥ የሚገባው እሱ ብቻ ነው።»

ኢንጂነሩ ሳቀና «እናንተ ጋ ነፋሱ አብዝቶ የሚመታው መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

እናቴ የምታውቀው የገበያ አማርኛ ነው። «ነፋስ» እና «ይመታል» ግን አላመለጧትም። ነጠላዋን ከፊቷ ላይ ገለጠችና በወላይትኛ «እኔን ጠዋት ነው የመታኝ በይው» አለችኝ። ፊቴ እየጋለ ተረጎምኩ። ዓሣ አስጋሪው በሳቅ ፈረሰ። ኢንጂነሩም ፈገግ ካለ በኋላ ፊቷን አየ።

«እናቴ፣ እኛ የምንለካው ለመብራት ነው። እርስዎ ሐኪም ቤት ይሂዱ» አላት።

«ነፋሱ ምን ዓይነት እንደሆነ ግን አወቃችሁ?» አስባለችኝ።

«ገና ነው። የአንድ ቀን ነፋስ ምንም አይነግረንም። ዓመቱን ሙሉ እንመዘግባለን። ከዚያ ስንት ሰዓት ጸጥ እንዳለ፣ ስንት ሰዓት እንደበረታ ለይተን እንደምራለን። አማካዩ ብቻ እንኳ አይበቃም፤ ያታልላል። ዓመት ሳይሞላ ምንም አይባልም።»

ይህንንም ተረጎምኩላት። እያንዳንዱን ቃል አንገቷን እየነቀነቀች ሰማች።

ሲሄዱ ለመንኳት። «እማ፣ እሱ ራሱ ሐኪም ቤት ይሂዱ ብሏል እኮ።»

«ዓመት ሳይሞላ ምንም አይባልም ያለውስ ማን ነው? የሐይቁን ሳይጨርስ የእኔን በምን አወቀ? እነሱ ሲጨርሱ እሄዳለሁ።»

የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች መጥተው ጸለዩላት፤ ሐኪምም የእግዚአብሔር ነው አሏት። ለእነሱም ያንኑ መለሰችላቸው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ደጅ ተቀምጣ ወደ ደሴቷ ታያለች። ሲኒዎቹ ሲፈጥኑ «እየያዙት ነው» ትለኛለች። እኔም ነገ እንሂድ እላታለሁ፤ እሷም ዓመቱን ትጠብቃለች። እጇ እየሰነፈ ሄደ፤ ቆጮ እንኳ እኔ እቆርስላት ጀመር።

ዝናብ ሲገባ አንድ ጠዋት መነሣት አቃታት። ጭቃው ባጃጅ ስለማያስገባ ጎረቤቶች በቃሬዛ እስከ አስፋልት አወጧት። ከዚያ በሚኒባስ ወደ ሶዶ ሄድን። ኦቶና ስንደርስ ዓይኗ ተከድኖ ነበር። ሐኪሙ ራሷ ውስጥ ደም እንደፈሰሰ ነገረኝና ሕመሙ የጀመራት መቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። ነገርኩት። በማግስቱ አረፈች።

ዓመቱ ሲሞላ ኢንጂነሩ ምሰሶውን ሊነቅል መጣ። አብዛኛውን ሰዓት ጸጥታ ነው፣ የሚበረታው ለጥቂት ሰዓት ብቻ ስለሆነ ለመብራት አይበቃም አለ። ወንበሯ ባዶ መሆኑን አይቶ እናትሽስ ብሎ ጠየቀኝ። ስነግረው ቆቡን አወለቀ።

እኔ ግን የማስበው ያንን የሚኒባስ መንገድ ነው። ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አድርጌ ነበር የያዝኳት። መኪናው ሞልቶ ሙቀቱ ሲያፍነን መስኮቱን ትንሽ ከፈትኩ። ዓይኗን ገልጣ እጄን ፈለገች። አፏ እየተሳሰረ፣ ቀስ ብላ እንዲህ አለችኝ፦

«መስኮቱን ዝጊው ልጄ፤ አንቺንም እንዳይመታሽ።»