ዘጠና ሰባት ላይ የቆመው ሰፊ

የሰፈሩ ሰው ልብስ ሰፊውን «አይካፈሌ» ይለዋል። ስሙን ያተረፈው በገዛ አፉ ነው፤ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሁሉ ስለ ስፌት መኪናው ቁጥር ሳይሰማ አይወጣም። በመኪናው ብረት ላይ 1000001 የሚል ተቀርጿል፤ አንድ ሚሊዮን አንድ። ሰፊው እንደሚለው ይህ ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ከአንድና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም። ሲናገር ለሰማው ቁጥሩን አምጦ የወለደው ይመስላል።

ማስረጃውን በጠመኔ፣ በሰው ጨርቅ ጀርባ ላይ ያቀርባል። ለሁለት፣ ለሦስት፣ ለአምስት፣ ለሰባት እያለ ያካፍላል፤ ሁሉም ቀሪ ይተዋል። ዘጠና ሰባት ላይ ሲደርስ ጠመኔውን ያስቀምጣል። ለምን እዚያ እንደሚቆም ለጠየቀው መልስ አለው፤ «ከመቶ በላይማ ማን ይሄዳል?» ፍለጋው እስከ አንድ ሺህ መዝለቅ ነበረበት፤ ቁጥሩ አጠገብ የሚደረሰው ሺህ በሺህ ሲባዛ ነውና። ይህን ሰፊው አልሰማም፤ ቢሰማም ጆሮ አይሰጠውም።

መኪናውን አባታቸው የተወው ለእሱና ለታናሽ እህቱ ነበር። እህቱ ከእሱ የቀና መስመር ትሰፋለች፤ እሱ ታሞ በተኛ ጊዜ ደንበኞቹ አይተዋል። ቢሆንም ድርሻዋ ካውያና የቁልፍ ቤት ነው። «ግማሽ ቀን አንተ፣ ግማሽ ቀን እኔ» ባለችው ቁጥር መልሱ ያው ነው፤

«የማይካፈል ቁጥር ያለበትን መኪና እንካፈል? አባባ ዝም ብሎ የገዛው መሰለሽ?»

አባባ ዝም ብሎ ነበር የገዛው። ሱቁ ውስጥ የቀረው መኪና እሱ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን አንድ ሾፌር የሱሪው ጫፍ እስኪታጠፍለት ቆሞ ይጠብቃል። የሰፊው እህት እጥፋቱን ትተኩሳለች። ሰፊው መስፋቱን ትቶ ማካፈል ጀመረ፤ ዘጠና ሰባት ላይም እንደ ልማዱ ቆመ። እህቱ ካውያውን አቆመች።

«ወንድም ጋሼ፣ ቀጣዩስ?»

«የምን ቀጣይ?»

«ከዘጠና ሰባት የሚቀጥለው ብቸኛ ቁጥር። መቶ አንድ።»

«ካውያሽን ጠብቂ፤ የሰው ሱሪ ታቃጥያለሽ።»

«ሱሪው የኔ ነው፣ ይቃጠል!» አለ ሾፌሩ። «አካፍል እንጂ አይካፈሌ! ፈራህ እንዴ?»

ሰፊው እየሳቀ ጀመረ። ዘጠኝ ወጣ። ሌላ ዘጠኝ ወጣ። ዜሮ፤ መሳቁን ተወ። በመጨረሻ አንድ፤ ቀሪ የለም።

«ጠመኔው ነው» ብሎ በክንዱ አጠፋና ደገመው። ጠመኔው ጥፋት አልነበረበትም።

«ቁጥሩ እምቢ አለ ስትል ነበር» አለ ሾፌሩ፤ «ይኸው እሺ አለ። እህቴ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ቆይ! ቆይ!» ሰፊው ጨርቁን በጣቱ መታ። «9901! ለካ ዋናው ይሄ ነው! የማይካፈለው እሱ ነው!»

ይህን ሲል ከወንበሩ ተነስቶ ነበር። እህቱ ተቀመጠችበት።

«ጥሩ» አለች፣ እግሯን ፔዳሉ ላይ እያሳረፈች። «እሱን ካውያው ጋ ሆነህ አካፍለው። ተራህ ከሰዓት በኋላ ነው።»

ሰፊው መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብሎ ለሁለት፣ ለሦስት እያለ ወረደ። ዘጠና ሰባት ላይ ቆመ። ለዚህኛው ቁጥር እዚያ መቆም ልክ ነበር፤ መቶ በመቶ ሲባዛ ያልፈዋል። ቁጥሩም በእርግጥ ብቸኛ ነው። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ልክ ሆነ፤ ለምን እንደሆነ ግን አላወቀም። ቀና ብሎ «አላልኩም?» ሲል መኪናው ይጮህ ስለነበር ማንም አልሰማውም።