የጋሽ ሙሳ የመጨረሻ ቁጥር

በልጅነቴ ድሬዳዋ ውስጥ ከእኔ እጅ ያመለጠ ቁጥር አልነበረም። አንዱ ግን እስከ ዛሬ ያባንነኛል።

ትናንት ባጃጅ ሲቀባ ቀለሙ ሸተተኝና ጎረቤታችን ጋሽ ሙሳ ትዝ አሉኝ። የባቡር ፉርጎ ላይ ቁጥር ይጽፉ ነበር። ጡረታ ሲወጡ የመጨረሻውን፣ 1022117ን፣ በራቸው ላይ ጻፉት።

ሚስታቸውን በቀበሩ ሳምንት ጠሩኝ። «አቦ፣ አንተ ሊቅ! ይሄ ያለ ቀሪ ለስንት ይካፈላል?»

በማግስቱ፣ «ለአንድና ለራሱ ካልሆነ ለማንም አይካፈልም» አልኳቸው።

ቁጥሩን በመዳፋቸው ዳሰሱት። «እንደኔ ብቻውን ነዋ!»

ከዚያ ወዲህ ሲስቁ ሳላይ ሞቱ።

ትናንት ያንኑ ቁጥር ለስንት እንደሚካፈል ስልኬን ጠየቅኩት። 1009 ሲባዛ በ1013 አለኝ። እንደ ጎረቤት የተጠጋጉ ሁለት ቁጥሮች።

እኔ ያን ጊዜ ለማካፈል የሞከርኩት እስከ አሥራ ሰባት ብቻ ነው፤ ከዚያ ኳስ ልጫወት ሄድኩ።